በኤርፎን ምክንያት ሽማግሌ ሆንኩ

ቀኝ ጆሮዬ ዘፈን ከሰማ ሰነባብቶ ነበር። ጆሮዬ ደህና ነው፤ የሞተው ኤርፎኑ ነው። ግራው ደግሞ የሚሠራው ገመዱን ስልኩ ሥር አጥፌ፣ በአውራ ጣቴ ተጭኜ፣ አንገቴን ወደ አንድ ጎን ዘመም ካደረግኩለት ብቻ ነው። በዚህ አኳኋን ከቢሮ ወደ ቤቴ ስሄድ የሚያየኝ ሰው ሁሉ አንገቴን ብርድ የመታኝ እየመሰለው ቅቤ እንድታሽ ይመክረኛል። አንዷ የሥራ ባልደረባዬማ አዝናልኝ ወጌሻ ቤት ልትወስደኝ ቀጠሮ ይዛልኝ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ተጣምሜም ቢሆን ዘፈኔን እሰማለሁ። ግማሹን ማለቴ ነው። ክራሩ ይመጣል፣ ማሲንቆው ይቀራል። ዘፋኙ አንድ ነገር ይላል፣ ተቀባዮቹ ምን ብለው እንደመለሱለት አላውቅም።

ሐረር ሸዋ በር አጠገብ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ነጂብ የሚባል ልጅ አለ። ሱቁ ውስጥ ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ በክርኔ የምደገፍበት ቦታ ሳይደበዝዝ አልቀረም። እሱ ዘንድ ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንደኛው እንደ ድሮዬ ባለገመዱን ርካሹን መግዛት ነው። እሱን ጠባዩን አውቀዋለሁ፤ በገዛሁት ሰሞን ይዘፍናል፣ ትንሽ ቆይቶ ያንሾካሹካል፣ ከዚያ አንዱ ጎኑ ይሞትና ሌላው እያዘነ ይከተለዋል። ሁለተኛው ገመድ የሌለው፣ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ጥፍት የሚል፣ የራሱ ትንሽ ማደሪያ ሣጥን ያለው ውዱ ነው። የዚህኛውን ዋጋ ነጂብ የሚነግረኝ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ለእኔ ክብር አስቦ ይመስለኛል።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይገዛል ወይ ይተወዋል። እኔ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ከመወሰኔ በፊት ጉዳዩ በየደረጃው መታየት ነበረበት። ቢሮ አነሳሁት። ግማሹ ሠራተኛ ግዛ አለኝ፣ ግማሹ አብደሃል አለኝ፣ አለቃችን ደግሞ ለጊዜው ይቆይ አሉ። ቤት ይዤው ገባሁ። እኔ የምኖረው ጀጎል ውስጥ፣ እማማ ሩቅያ የሚባሉ የሐረሪ አሮጊት ግቢ ተከራይቼ ነው። እሳቸው ጉዳዩን በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣

«ልጄ፣ አላህ ሁለት ጆሮ ሰጥቶህ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ሰጥቶኛል እማማ።»

«አልሐምዱሊላህ በላ!» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጊዜው ሄደ። መጨረሻ ላይ አንድ ዓርብ ቀን በምሳ ሰዓት እንደ ልማዴ መስታወቱ ላይ ተደግፌ «የባትሪው ነገር ግን…» ስል የነጂብ ትዕግሥት አለቀ።

«አቦ አታድርቀኝ!» አለኝ። ሣጥኑን አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «ይዘኸው ሂድ። ቅዳሜን እሁድን ስማበት። ሰኞ ወይ ብሩን ይዘህ ትመጣለህ ወይ ዕቃውን።»

አጠቃቀሙንም አሳየኝ። አንዴ ነካ ሲያደርጉት የውጭውን ጫጫታ ጭጭ ያሰኘዋል። ጫን ብለው ሲይዙት ደግሞ በተቃራኒው የውጭውን ድምፅ አጉልቶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ይሄ ሁለተኛው ምን ይሠራልኛል ብዬ ብዙም አላደመጥኩትም። ውጭውንማ በነፃ እሰማው የለ!

ከሥራ ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ስንት ዘመን የማውቀውን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ማሲንቆው አለ! ተቀባዮቹ አሉ! እንዲያውም ከተቀባዮቹ አንዷ መሃል ላይ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ። የባጃጅ ሞተር የለም፣ የረዳቶች ጥሪ የለም፣ ሐረር እንዳለች አፏን ዘግታ እኔን ታስተናግዳለች።

ወደ ቤት የሚወስደኝ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ እንደተቀመጥኩ አቶ መኮንን አጠገቤ ገቡ። አቶ መኮንን የቢሯችን የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ አለባቸው፣ ጉልበታቸው። ጉልበቴን ያመኛል ብለው ከጀመሩ ከሕመሙ አነሳስ እስከ ጠበሉ ድረስ አንድ ሳያስቀሩ ነው የሚተርኩት። ያን ቀንም ገና ከመቀመጣቸው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ኤርፎኑን ላወጣው አሰብኩ። ግን ዘፈኑ የደረሰበት ቦታ ክፉ ነበር፤ ማሲንቆው ለብቻው የሚገባበት ጋ ደርሷል። እሱ ይለፍና አወጣዋለሁ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላቸው። ማሲንቆው አለፈ፤ አሁን ደግሞ እሳቸው ብዙ ርቀዋል። ትልቅ ሰው ያን ያህል ሲናገር ከቆየ በኋላ «ምን አሉኝ?» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ በመነቅነቁ ቀጠልኩ። ፊታቸው ሲከፋ ከንፈሬን መጠጥኩላቸው፣ ሲፈካ ፈገግ አልኩላቸው። ሲወርዱ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ግንባሬን ሳሙኝ። ለጉልበት ሕመም ይህን ያህል? ብዬ ትንሽ ገረመኝ፤ ዘፈኑ ግን ወደ ሌላው አለፈና እኔም አብሬው አለፍኩ።

በማግሥቱ ዕቃውን አጥብቄ ልፈትነው ወደ መኪና ግርግር ወረድኩ። ይህ መንገድ ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ ተደርድረው የሚሰፉበት ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ጩኸት ነው። መሃሉ ላይ ቆሜ አንዴ ነካ ሳደርገው ያ ሁሉ መኪና ዝም አለ። እግሮች ፔዳል ይረግጣሉ፣ መርፌ ይወጣል ይወርዳል፣ ጨርቅ ይፈሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ብቻዬን ቆሜ እስቃለሁ። ለካ ከኋላዬ ማገዶ የጫነች አህያ እየመጣች ነው። ባለቤቷ «ካራ! ካራ!» እያለች መንገድ ልቀቅ ስትለኝ መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል፤ ከእኔ በቀር። ማገዶው ጀርባዬን ገፋኝና አንድ ልብስ ሰፊ ጭን ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰውየው የሆነ ነገር ጠየቀኝ። እኔም ያው በለመድኩት ራሴን ነቀነቅኩ። ወዲያው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቤን መለካት ጀመረ። ኤርፎኑን ነቅዬ «የለም፣ የለም! ሱሪ አለኝ!» ብዬ ስነሳ፣

«ታዲያ ሱሪ ልስፋልህ ወይ ስልህ አዎ ያልከኝ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ ተቆጥቶ።

ቤት ስገባም ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። እማማ ሩቅያ ግቢው በር ላይ አኩርፈው ተቀምጠዋል። ጠዋት ስወጣ እንዴት አደርክ እያሉ ደጋግመው ሲጠሩኝ ዘግቻቸው ሄጃለሁ ለካ።

«ወላሂ ተቀይመኸኛል» አሉኝ። «ጣሪያው ያፈሳል ያልከኝን አልረሳሁም እኮ፣ አሠራልሃለሁ።»

ጣሪያው እንደሚያፈስ እንኳ እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ያልተቀየምኩ መሆኔን ለማስረዳት ብዙ ማልኩ፤ ጣሪያው ግን ይሠራ ብዬ ተስማማሁ።

እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ።

«ተነሳ!» አሉኝ እማማ ሩቅያ፣ ዓይናቸው ፈጦ። «ነጭ የለበሱ ትላልቅ ሰዎች በር ላይ ቆመዋል። ምን አጠፋህ?»

ስወጣ አቶ መኮንን ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከኋላቸው ነጭ የጠመጠሙ መምሬ አሉ፤ ከመምሬው ጎን ደግሞ አቶ ሽፈራው የሚባሉ የአቶ መኮንን አማች። አንድ አሮጌ ፔጆ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል።

«ተዘጋጀህ?» አሉኝ አቶ መኮንን።

ነጭ ልብስ፣ ቄስ፣ ጠዋት። ሰው ሞቶባቸዋል! ዓርብ ዕለት ባጃጅ ውስጥ የነገሩኝ ሐዘናቸውን ነበር፣ እኔ ደግሞ ፈገግ ብዬላቸዋለሁ! ላብ አጠመቀኝ። ተመልሼ ነጠላዬን ለበስኩ፣ ፊቴን አጨለምኩ፣ መኪናው ውስጥ አጠገባቸው እንደተቀመጥኩ እጃቸውን ይዤ፣

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው።

አቶ መኮንን ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «አሜን» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ገና ምን ታውቆ? እሺ ሊሉንም ይችላሉ እኮ።»

እሺ የሚል ሬሳ ሰምቼ አላውቅም። መኪናው ከጀጎል በር ወጥቶ ወደ አዲሱ ከተማ ሲያቀና ነገሩ ከወሬያቸው መሃል ትንሽ በትንሽ እየተፈታልኝ መጣ። የምንሄደው ሽምግልና ነው። ዳዊት ለሚባለው ልጃቸው የሻምበል ጌታቸውን ልጅ ቤዛን ልንጠይቅ ነው። ልጁና ልጅቷ ተዋደዋል፤ ልጁ ደግሞ ለሥራ ወደ ጅማ ሊዛወር ስለሆነ ጊዜ የለም።

«አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» አሉኝ አቶ መኮንን። «ቢሮ ሽኝት ላይ ንግግር ስታደርግ አይቼሃለሁ። ተናጋሪው አንተ ሁንልኝ ስልህ እንዴት ደስ ብሎህ እሺ እንዳልከኝ!»

«እንዴ፣ እሱማ!» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አቶ ሽፈራው ከኋላ ሆነው የነገሩን ክብደት ጨመሩልኝ። ሻምበል ጌታቸው መድፈኛ ስለነበሩ ጆሯቸው በጣም ይከብዳል። ከዚህ በፊት የተላኩት ሽማግሌዎች የቤተ ክርስቲያን መዋጮ ሊሰበስቡ የመጡ መስሏቸው ብር ሰጥተው፣ አመስግነው፣ በር ድረስ ሸኝተዋቸዋል። ሽማግሌዎቹም ማስረዳት ቢያቅታቸው ብሩን ወስደው ለደብሩ አስገብተዋል። አሁን ሳይሳካ ከቀረ ልጁ ሳያጭ መሄዱ ነው።

አቶ መኮንን የልጁ አባት ስለሆኑ እንደ ደንቡ መኪናው ውስጥ ቀሩ። እኛ ሦስታችን ገባን። ሻምበሉ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ጺማቸው በሥርዓት የተከረከመ ሰው ናቸው።

«ቁጭ በሉ» አሉን።

«ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም» አልኩ፣ ድምፄን አሳምሬ።

«ምን?»

«አንቀመጥም!»

«እንግዲያስ ቁሙ» አሉ ደስ ብሏቸው፤ እሳቸውም ከእኛ ጋር ቆሙ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ልጅዎን ልንጠይቅ ነው የመጣነው!»

ሻምበሉ ደነገጡ። «ማን ነው ታመመች ያላችሁ? አሁን አብረን ቁርስ በልተን!»

«አልታመመችም! ለዳዊት ነው! ለዳዊት!»

«ዳዊትማ አለኝ» አሉ፣ በአክብሮት ወደ መምሬው ዞረው። «በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነው፣ ጠዋት ጠዋት እደግማለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። «የዘንድሮው መዋጮ ስንት ሆነ?»

መምሬው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ደረቴ የያዘውን አየር ሁሉ ሰብስቤ «ልጅዎን ለልጃችን ለትዳር ይስጡን!» ብዬ ጮኽኩ። ከጓዳ አንድ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ከአጥር ማዶ አንዲት ጎረቤት እልልታዋን አቀለጠችው። መኪና ውስጥ ያሉት አቶ መኮንን እልልታውን ሲሰሙ የተሳካ መስሏቸው ክላክስ ነፉ። የሰፈሩ ውሾች ተቀበሏቸው። ይህን ሁሉ ያልሰሙት ሻምበል ጌታቸው ብቻ ነበሩ።

«ምነው ፊታችሁ ተለዋወጠ?» አሉን።

ላቤን ልጠርግ መሐረብ ፍለጋ ኪሴ ስገባ እጄ ሣጥኑን ነካ። ነጂብ ያሳየኝ፣ እኔ ያላደመጥኩት ያ ሁለተኛው አጠቃቀም ትዝ አለኝ። ኤርፎኑን በመሐረቡ ጠርጌ ወደ ሻምበሉ ተጠጋሁ። «ይፍቀዱልኝ» አልኩ፤ መፍቀዳቸውን ሳላረጋግጥ አንዱን ቀኝ፣ አንዱን ግራ ጆሯቸው ውስጥ አስገባሁና ጫን አድርጌ ያዝኩት። ዕቃው ሲበራ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ሰላምታ የምትመስል ቃል ታሰማለች።

«ማን ናት?» አሉ ሻምበሉ ወደ ኋላ አፈግፍገው።

«ምንም አይደለም! ዕቃው ነው! አሁን ይሰማዎታል?»

«ምን ያስጮኽሃል? አጠገብህ ቆሜ!»

ከዚያ ራሳቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ውጭ ዶሮ ትጭራለች፣ ከሩቅ ባጃጅ ያልፋል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ሰዓቱን ትክ ብለው አዩት። «ይሠራል እንዴ?» አሉ ለራሳቸው።

አሁን በጨዋ ድምፅ ንግግሬን ከሥሩ ጀመርኩ። ስለ አቶ መኮንን ቤተሰብ፣ ስለ ልጁ ትምህርትና ጠባይ ተናገርኩ። ሻምበሉ እያንዳንዱን ቃል ያደምጣሉ። እኔም ልቤ ሞላ። ይሄኔ ነው አቶ ሽፈራው እንደ ልማዳቸው ወደ መምሬው ጆሮ ጠጋ ብለው «ማንኮራፋቱ ብቻ እንዳይነሳ» ብለው ያንሾካሾኩት።

«ማን ነው የሚያንኮራፋው?» አሉ ሻምበሉ።

ምድር ብትከፈት ሦስታችንም በሰልፍ እንገባ ነበር። አቶ ሽፈራው ጣሪያውን አዩ። መምሬው ሳል ያዛቸው። ተናጋሪው እኔ ነኝ።

«ልጁ… ሲደክመው… ትንሽ» አልኩ።

«ሲደክመው ነው ወይስ ሁልጊዜ?»

ልጁን አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም። አልቆልናል ስል ከጓዳ የባለቤታቸው የወይዘሮ አስካለ ድምፅ መጣ። ለብቻው እንደሚያጉረመርም ሰው ነው የተናገሩት፣ ሻምበሉ አይሰሙም ብለው።

«አንተን ብሎ ስለ ማንኮራፋት ጠያቂ! ጎረቤት ስትቀሰቅስ የምታድር! አሁን በዚህ ድርቅናህ ልጄን ልታስቀርብኝ ነው።»

«አስካለ፣ ሰምቼሻለሁ» አሉ ሻምበሉ።

ጓዳ ውስጥ ሁለተኛ ብርጭቆ ወደቀ። እኚህ ሴት እስከዛሬ በልባቸው ያለውን በልባቸው አሳድረው እንዳልኖሩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሁሉንም እየተናገሩት ነው የኖሩት።

መጋረጃው ተገለጠና ልጅቷ ወጣች። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ቤዛ ናት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አባቷ ጆሮ ውስጥ ያለውን ነገር ገና አላየችም፤ እንደለመደችው ልትጮኽ አፏን ከፈተች፣ ግን እኛን ስታይ አፈረች። ለራሷ የምትናገር ይመስል ቀስ ብላ፣

«እኔም እፈልገዋለሁ፣ አባዬ» አለች።

ሻምበሉ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«እስኪ ድገሚው።»

«እፈልገዋለሁ…» አለች፣ ወደ መሬት እያየች።

«እሱን አይደለም። አባዬ ያልሽውን።»

ቀና ብላ አየቻቸው፤ ጆሯቸውን አየች፤ እኔን አየች። «አባዬ» አለች። ሹክሹክታ ነበር።

«የእናቴን ድምፅ ነው ለካ የያዝሽው» አሉ። «ትንሽ ሆነሽ እንዲህ አልነበረም። ከዚያ በኋላማ ስትጮኺ ብቻ ነው የማውቅሽ።»

መምሬው እንኳ ሳላቸውን ረሱት። ሻምበሉ ጺማቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ወደ እኛ ዞሩ። እንደ ወጉ ቢሆን እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይባላል። እሳቸው ግን፣

«አሁንም ቁጭ አትሉም?» አሉን።

ቁጭ አልን። ወይዘሮ አስካለ ሦስተኛ ብርጭቆ ሳይሰብሩ በጤና ከጓዳ ወጡና እልል አሉ። ሻምበሉ ጆሯቸውን ይዘው «ቀስ በይ!» አሏቸው።

ልንወጣ ስንል ዕቃውን እንዲመልሱልኝ እጄን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው ጨበጡኝ። ሌላኛውን እጄን ዘረጋሁ፤ እሱንም ጨበጡትና ትከሻዬን ሳሙኝ። ሣጥኑን ራሴ አውጥቼ ለቤዛ ሰጠኋት፤ አሞላሉን አሳየኋት። ምን አደርጋለሁ?

ሰኞ አቶ መኮንን ከእኔ ጋር ነጂብ ሱቅ ሄደው ዋጋውን ከፈሉ። የጥሎሹ መጀመሪያ ነው አሉ፤ ለሙሽራዋ ሳይሆን ለአባቷ ጆሮ። ዳዊት ጅማ ከመሄዱ በፊት ቀለበት አሠረ። በቀለበቱ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘሁት፤ በጣም ደግ ልጅ ነው። ማንኮራፋቱን በተመለከተ አልጠየቅኩም።

እኔም ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ ቆራጥ ሰው ሆንኩ። ደመወዝ የወጣ ዕለት ማንንም ሳላማክር ሸዋ በር ሄድኩና ገና ከሱቁ ደፍ ላይ ሆኜ «ነጂብ፣ ወሰንኩ! ውዱን አምጣ!» አልኩት።

«አለቀ» አለኝ።

«እንዴት አለቀ?»

«አቦ፣ ያ ሻምበልህ እኮ ነው! ጡረተኛ ጓደኞቹን ሁሉ እየያዘ መጣ። መድፈኛው፣ ታንከኛው፣ ሁሉም ጆሮው ሄዷል። ትናንት የመጨረሻውን አንድ ኮሎኔል ወሰዱት።»

«ሌላ መቼ ይገባል?»

«ይገባል፣ ወረፋ ግን አለ። ቀድሜ መጣሁ እየተባባሉ ቢጨቃጨቁብኝ በማዕረግ አድርጌዋለሁ።» ቀና ብሎ አየኝ። «የአንተ ማዕረግ ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰብኩ።

«ሽማግሌ» አልኩት።

እሱም ትንሽ አሰበና ወረፋው ላይ ከአንድ መቶ አለቃ በላይ አስገባኝ።